የኩሬው ወንፊት

ልጄ፣ እግዚአብሔር በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱን ካልቆጠርነው።

ቧንቧ ሠራተኛው ለጓሮው የዓሣ ኩሬ አዲስ የውሃ መሳቢያ ሠራ። ፓምፑ ውሃ በሚስብበት አፍ ላይ ግን እንደ ድሮው ወንፊት የለም። ትንንሾቹን ዓሣዎች እየሳበ ፈጃቸው። ስጮህበት፣ «ጋሼ፣ እኔን አይቆጡኝ! ‹ወንፊቱን በየማለዳው ማጽዳት አባቴን ያደክመዋል፤ ይቅር› ያለችኝ ልጅዎ ናት» አለኝ።

ደከመኝ ብዬሻለሁ? በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ! እናትሽ ካረፈች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳኝ ያ ወንፊት ነበር። የያዘውን ቅጠል እየለቀምኩ እጸልያለሁ፤ ላንቺም ጭምር። የተቆጣሁት ለዓሣዎቹ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ለራሴም ነው።

የድሮውን ወንፊት ዛሬ ራሴ የፓምፑ አፍ ላይ በሽቦ አስሬዋለሁ። አደራሽን፣ ደውለሽ እንዳታስፈቺው። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ነገም ማለዳ እዚያው ጎንበስ ብዬ ስምሽን እጠራለሁ።

አባትሽ