የመጋዘኑን ቁጥር በአደራ የያዙት የአቶ ሆበርት ላሲተር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሆበርት ላሲተር ከአባታቸው ከአቶ ሩፈስ ላሲተርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዴሳ ፕሩየት በሰሜን ካሮላይና፣ በቶማስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በወንበር ፋብሪካ እንጨት የሚያለሰልሱ፣ እናታቸውም የሶፋ ልብስ የሚሰፉ ነበሩ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ሠራተኛውን ስለሚያሰናብት፣ ሆበርትና ታናሽ ወንድማቸው ዴልማር የክፉ ጊዜን መምጣት ያወቁት አባታቸው በቀን ብርሃን እቤት ሲገኙ ነበር።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ሜሪላንድ በሚገኘው የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያው ዕለት፣ ነጋዴዎች የሰጡትን መረጃም ሆነ ይፋ ያልሆነ ቁጥር ለማንም እንዳይገልጹ ዕድሜ ልካቸውን የሚጸና ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ ኢርማ ባስን አግብተው ልጃቸውን ጆሊንን ወለዱ።

ሥራቸው የጅምላ ነጋዴዎች በየወሩ መጨረሻ በመጋዘን ያስቀሩትን የቤት ዕቃ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ዋጋ ሰብስቦ ከሽያጩ ጋር ማመዛዘን ነበር። የአገር ኢኮኖሚ ወዴት እንደሚያዘነብል ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ክምችት ሲጨምር ነጋዴው በመጪው ገበያ ተማምኖ ይሆናል፤ ገዢ አጥቶም ይሆናል። አቶ ሆበርት፣ «ሶፋው ቆሞ ነው የሚታየው፤ ለምን እንደቆመ አይናገርም» ይሉ ነበር። በየወሩ ለታከተው ነጋዴ እየደወሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሲያበቁ ሌላው ወር ደርሷል። ሥራው አሰልቺ ነው ለሚሏቸው «ነው» ብለው ይመልሱ ነበር።

ዴልማር በበኩላቸው በጎረቤት ከተማ በሃይ ፖይንት የፈርኒቸር ጅምላ ንግድ ከፈቱ። «የሰው ፍራሽ ስትቆጥር አረጀህ እኮ!» ሲሏቸው፣ አቶ ሆበርት «አንተም ስትቆልል» ይሏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ በቶማስቪል ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ግብዣ ላይ ወንድማማቾቹ ተገናኙ። ዴልማር ባንክ አበድሯቸው ከባሕር ማዶ ብዙ ሶፋና አልጋ ለማስመጣት በማግስቱ ሰኞ ሊፈርሙ ነበር። ቀደም ባሉት ወራት ይፋ በሆኑት ሪፖርቶች የአገሩ ክምችት ማደጉን አይተው፣ ተፎካካሪዎቻቸው ጥሩ ገበያ የሸተታቸው መስሏቸዋል። «ሌላው ሁሉ ሲሞላ እኔ ባዶ መጋዘን ታቅፌ ልቀር ነው?» አሉ።

አቶ ሆበርት፣ «አዲሱ ሪፖርት ሐሙስ ይወጣል» አሉ።

«ሐሙስማ የማንም ወንድም ያየዋል! ቁጥሩን ንገረኝ አልልህም። ፈርም ካልክ ሻይህን ጠጣ፤ ይቅርብህ ካልክ ብርጭቆውን አስቀምጠው።»

አቶ ሆበርት በእጃቸው የያዙትን ቀዝቃዛ ሻይ ሳይጠጡም ሳያስቀምጡም ቆዩ። በኋላ ወይዘሮ ኢርማ መጥተው ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰዱላቸው።

ዴልማር ሰኞ ፈረሙ። ሐሙስ ከጧቱ በአራት ሰዓት ሪፖርቱ ለሁሉም እኩል ወጣ፤ ክምችቱ አብጧል፣ ሽያጩ ወርዷል። ዕቃው ደርሶ መጋዘኑን ሲሞላ ገዢ አልነበረም፤ በተከታዩ ዓመት ባንኩ መጋዘኑን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ዴልማር ለወንድማቸው ስልክ አላነሡም። አቶ ሆበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ወደ ቶማስቪል ተመለሱ፤ በአንድ ከተማ እየኖሩም ሁለቱ የሚተያዩት በቀብር ላይ ብቻ ሆነ። አንደኛው የወይዘሮ ኢርማ ቀብር ነበር። አቶ ሆበርት ስለዚያ እሑድ ሲጠየቁ፣ «ደክሞኛል» ከማለት በቀር የመለሱት የለም።

የልብ ድካም ጸንቶባቸው አልጋ በያዙ ጊዜ ዴልማር ሳይጠሩ መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የውሃ ብርጭቆም አንሥተው፣ «እንግዲህ መጋዘንም የለኝ፣ አንተም መሥሪያ ቤት የለህ። ያኔ ታውቅ ከነበረ ጠጣ፤ ካላወቅህ ተወው» አሉ።

አቶ ሆበርት ብርጭቆውን አይተው ፈገግ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠምቶኛል እኮ!» አሉ።

ዴልማር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያም አንገታቸውን ደግፈው አጠጧቸው፤ እስከ መጨረሻውም ከአጠገባቸው አልተለዩም።

አቶ ሆበርት ላሲተር በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2023 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ልጃቸው ጆሊን፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ዴልማር ቀርተዋል። ይህ ታሪክ ሲጻፍ፣ አቶ ሆበርት ያኔ ቁጥሩን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር ይባል ተብለው የተጠየቁት ዴልማር፣ «ጠማው፣ ጠጣ ብላችሁ ጻፉ። ሌላ አትጨምሩ» ብለዋል።

ቤተሰቡም ሌላ አይጨምርም። የተሸከሙትን ሳያስቀምጡ የኖሩትን እኚህን ሰው፣ አምላክ ሸክማቸውን ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን።