ጠይቅ ብሎ ጽፎልኝ፣ ስጠይቀው ለቀነሰብኝ ባንክ

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ቮግት
የኖርድሃውግ የገበሬዎች ባንክ ሥራ አስኪያጅ
ኖርድሃውግ፣ ዊስኮንሲን

ጉዳዩ፦ በሰው ፊት ስላዋረዱኝ

ክቡር ሆይ፤

በኦክቶበር ወር ሁለተኛው ዓርብ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ላ ክሮስ ከተማ በሚገኝ የዓሣ መደብር ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሰዎች ከኋላዬ ተሰልፈው ሳለ፣ ባንክዎ የዱቤ ካርዴን ተራ ፕላስቲክ፣ እኔንም በሰባ ስምንት ዓመቴ መክፈል የማይችል ሰው አደረገኝ። ይህን አስቀድሜ ከተናገርሁ ዘንዳ አሁን ስለ ጤናዎ ልጠይቅ። ወገብዎን እንደሚያምዎ ሰምቻለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመንገድ ሲያገኙን ጎንበስ ብለው ሰላም ማለት ያቃተዎት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ስለማምን፣ ፈጣሪ ፈጽሞ እንዲምርዎ ከልብ እመኛለሁ። ባለቤትዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ምንም አልበደሉኝም።

እኔ ኤምሪ ሳንድቮልድ እባላለሁ። ባንክዎ ስለማያውቀኝ ስሜን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። በዚህ ሸለቆ አርባ አራት ዓመት የወተት ማለቢያ ማሽን ስጠግን ኖሬአለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የቀረውን ከማሽኖቹ ጋር ከሚመጡት መጻሕፍት ተማርሁት። ስለዚህም የተላከልኝን ወረቀት ሁሉ፣ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው የማንበብ ክፉ ልማድ አለኝ።

እርስዎ ከሌላ አገር ስለመጡ የእኛን እራት ላስታውስዎ። የምሥራቅ ሸለቆ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት መቶ ሰው ያበላል። የሚበላው ሉተፊስክ ነው፤ ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ዓሣ በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ እንደ ለጋ እርጎ እስኪርገበገብ ድረስ የሚለሰልስ፣ አያቶቻችን ከኖርዌይ ይዘውት የመጡ ምግብ። ከቲኬቱ የሚገኘው ገንዘብ ቤተ ክርስቲያኑን ክረምቱን ሙሉ ያሞቀዋል። እራቱ ከቀረ ፌብሩዋሪን ከነካቦርታችን እየተንቀጠቀጥን ነው የምንጸልየው። ዓሣውን የመግዛት ኃላፊነት ሠላሳ አንድ ዓመት የእኔ ነበር። በካርዴ እገዛለሁ፣ በፒካፔ አመጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከእራቱ በኋላ በሰኞው ይመልስልኛል። ነጋዴው ደግሞ ከዓመታት በፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረቅ ቼክ ሰጥቶት ስለነበር፣ ከካርድ በቀር ምንም አይቀበልም። ዘንድሮ ዓሣው ሰባት ሺህ አራት መቶ ዶላር ገባ። የካርዴ ጣሪያ፣ ማለት ባንክዎ በዱቤ የሚፈቅድልኝ፣ ስድስት ሺህ ነበር።

ችግሩ ይኸው ነው። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አስቀድሜ፣ ስለ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ከማርች ወር ጀምሮ አምስት ደብዳቤ ልከውልኛል። ሁሉም «ክቡር ኤምሪ፣ ከዚህ የበለጠ ይገባዎታል! የካርድዎ ጣሪያ እንዲጨመር ዛሬውኑ ይጠይቁ» ይላሉ። በየደብዳቤው ራስጌ ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ጀልባ ላይ ተቀምጠው ይሥቃሉ። እኔና ባለቤቴ አርዲስ ጀልባ ላይ ተሳፍረን አናውቅም፤ ብንሳፈርም አርዲስ የምትሥቅ አይመስለኝም።

አምስተኛውን ደብዳቤ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨው ዕቃው ሥር አስቀምጬ አሥራ ስድስት ቀን አሰብሁበት። በጀርባው ላይ መሥመር አስምሬ በአንድ በኩል «ልጠይቅ»፣ በሌላው በኩል «አልጠይቅም» ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው በኩል ብዙ ተጻፈ። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የለመንሁት በ1963 ነው። አጎቴን ለአንድ ቀን መኪናውን አውሰኝ አልሁት፤ አወሰኝ፤ ከዚያ እስኪሞት ድረስ በየገናው ሲያነሳብኝ ኖረ። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ያመጣሁት መጽሐፍም መጠየቅ ብቻውን በሰው የብድር መዝገብ ላይ እንደ ጥፋት ሊጻፍ ይችላል ይላል። ይህን ለአርዲስ ባነብላት፦

«አንተ ሰውዬ፣ ጨው ባነሳሁ ቁጥር እነዚህን የሚሥቁ ሰዎች ማየት ሰልችቶኛል። ወይ ጠይቅ፣ ወይ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተተው!» አለችኝ።

«ቢከለክሉኝስ?»

«ራሳቸው ጠይቀን ብለው ለምነውህ? እንዴት አድርገው ነው የሚከለክሉህ!»

ይመልከቱ ክቡር ሆይ፣ ያልተማረ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። እኔም እንዲሁ አሰብሁ።

እውነቱን ለመናገር ሌላ መንገድ ነበረኝ። ፓስተራችን ዓሣውን በሃርላን ክዊስት ካርድ እንግዛው ብለውኝ ነበር። ሃርላን የቤተ ክርስቲያናችን አባልና የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። እኔና እሱ ሃያ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። እኔ ክረምቱን ሙሉ የሠራሁትን የኦክ እንጨት የቤተ ክርስቲያን በር እሱ ጉባኤውን አሳምኖ አስነቀለና በአሉሚኒየም አስቀየረው። ዛሬም ነፋስ ባለ ቁጥር ያ በር ያፏጫል። ስለዚህ ሃርላንን ከምለምን ባንክን ልለምን ብዬ ወሰንሁ። ውሳኔው የራሴ ነው፤ በዚህ እርስዎን አልወቅስም።

፪. ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ቅርንጫፉ ገባሁ። በመስኮቱ ላይ የምትሠራው ማርሊ ጨዋ ልጅ ናት፤ እናቷንም አያቷንም አውቃለሁ። ገቢዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

«ለቤት በወር ስንት ይከፍላሉ፣ ጋሽ ኤምሪ?»

«ቤቱን በእጄ ነው የሠራሁት።»

«እሺ፣ ዜሮ ልበል?»

«እንደፈለግሽ በይው። ጣሪያው አያፈስም።»

መልሱ በሳምንቱ በፖስታ ደረሰኝ። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በሂሳብዎ ላይ በቂ ዕዳ ስላልታየ ጥያቄዎን ለመቀበል ተቸግረናል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ከዚያ ወደ ማርሊ ተመለስሁ። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዓርብ ዓርብ እየመጡ የወሩ የሂሳብ ወረቀት ከመታተሙ በፊት ይከፍላሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚወጣው። ኮምፒውተሩ አያይዎትም።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ትንሽ ዕዳ ማስቀረት። ትንሽ ብቻ።»

ክቡር ሆይ፣ በአባቴ ቤት ዕዳ እሑድን አያይም ነበር። ዓርብ ሲደርስ አባቴ በፈረስም ቢሆን፣ በበረዶም ቢሆን፣ ወደ ከተማ ወርዶ የሳምንቱን ይከፍል ነበር። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ዓርብ ዓርብ መስኮትዎ ላይ ስቆም ታማኝ ደንበኛ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ጭራሽ አልነበርሁም። ይህን ያሳወቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ክልከላውን ግን ዋጥሁት። የጎደለውን አንድ ሺህ አራት መቶ የፓስተሩ ባለቤት በካርዳቸው በስልክ ከፈሉት። እኔ የራሴን ስድስት ሺህ ይዤ ላ ክሮስ ሄድሁ።

፫. ዋናው ምስጋና እዚህ ላይ ነው። ጥያቄዬን ስትመረምሩ፣ ካርዱን እንደማልጠቀምበት ደርሳችሁበት፣ ጣሪያውን ከስድስት ሺህ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ አወረዳችሁት። ይህን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ዓሣውን የገዛሁት ዓርብ ነው። ሳልጠይቅ ስድስት ሺህ ነበረኝ፤ ጠይቁ ስላላችሁኝ ብጠይቅ ሩቡ ቀረኝ።

ዓሣው ፒካፔ ላይ ተጭኗል። ሻጯ ካርዱን አስገባች፣ አወጣች፣ በሽርጧ ጠረገችው፣ እንደገና አስገባች። «አልወሰደም፣ አባባ። ሌላ ካርድ አለዎት?» አለች። ሌላ ካርድ ኖሮኝ አያውቅም። ሦስተኛ ጊዜ እንድትሞክር ጠየቅኋት። ሦስተኛውንም ጊዜ አልወሰደም። ከኋላዬ አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ፤ ፊቱን ከማየቴ በፊት በሳሉ አወቅሁት። ለመጠጥ ቤቱ ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሃርላን ክዊስት ነበር።

ሃርላን ጀልባ አለው፣ ሁለት የበረዶ ሞተር ሳይክል አለው፣ ተጎታች ቤት አለው፤ ካርድ ካወጣ ጀምሮም ዕዳውን አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ እንደማያውቅ በየመጠጡ ይፎክራል። ባንክዎ ሃያ ስምንት ሺህ ዶላር ፈቅዶለታል።

«ተይው እህቴ፣ በእኔ አድርጊው» አላት። «ኤምሪ ትንሽ አጥሮት ነው።»

ሰባት መቶ ሰው እራት ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዞሬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያላናገርሁትን ሰው፣ «አመሰግናለሁ» አልሁት።

«ምን አልኸኝ? ጆሮዬ ትንሽ ይከብደዋል።»

ጆሮው ምንም አልሆነም። ቢሆንም ደገምሁለት። ክቡር ሆይ፣ የወሰዱብኝ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር አይደለም፤ የወሰዱብኝ ያችን ቃል ነው፤ ሁለት ጊዜ።

ደግሞም በሳምንቱ ሃርላን ጣሪያው ወደ ሠላሳ ሺህ ከፍ እንዳለለት ለሰው ሁሉ እየዞረ ተናገረ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

፬. በመጨረሻ፣ ወደ እራታችን ስለመጡ አመሰግናለሁ። በየዓመቱ የባንክዎ ስም የተጻፈበትን ጨርቅ ግድግዳችን ላይ ይሰቅላሉ፤ ለፎቶግራፍ ሽርጥ ያስራሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተመጋቢዎች ጋር ይቀመጡና የሥጋ ድብልብሉንና ለፍሳ የምንለውን የድንች ቂጣ አራት አምስት አድርገው ይበላሉ። ዓሣውን ነክተውት አያውቁም። አፍንጫዎን ሲሸፍኑ አይቻለሁ።

እንደሚያውቁት፣ በእኛ ዘንድ ሰው ቲኬቱን ቆርጦ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ይበላል። ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር የምጠራው እኔ መሆኔን ነው። ባንክዎ እኔን እንደማያየኝ፣ እርስዎም በሩ ላይ የቆመውን ሽማግሌ አላዩትም።

ቲኬትዎ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ከአንድ እስከ ስምንት ጠራሁ፤ ከዚያ አሥርን ጠራሁ። እጅዎን ሲያነሱ፣ «ቁጥር ዘጠኝ በመመርመር ላይ ነው» አልሁዎት። ባለቤትዎ አሥር ቁጥር ስለነበሩ ወርደው በደንብ በሉ። እርስዎ በሚያፏጨው በር አጠገብ ለሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ሃርላን እንኳ ሁለት ጊዜ ወርዶ በላ።

ስድስት መቶ ዘጠና አራተኛው ሰው ከወረደ በኋላ ጠራሁዎት። ሳህንዎ ላይ የጠበቀዎትን ደብዳቤ ስላልወሰዱት፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«ክቡር ደንበኛችን፣ የድንች ቂጣ እንዲጨመርልዎ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥንቃቄ መርምረናል። ባለፉት ስድስት ዓመታት በሳህንዎ ላይ በቂ ዓሣ ስላልታየ ለመቀበል ተቸግረናል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ የቂጣ ጣሪያዎ ከአራት ወደ ሩብ ዝቅ መደረጉን እናሳውቃለን። የሥጋ ድብልብል አገልግሎትዎ ተቋርጧል። ዓሣ በመመገብ መዝገብዎን ማሻሻል ይችላሉ።»

ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ሹካቸውን አስቀምጠው አዩዎት። እርስዎም ቀና ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ከዚያ አንድ ጉርሻ ዓሣ አነሱ፤ ዋጡት። ፊትዎ ምን እንደመሰለ አልጽፍም። አርዲስ ግን የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች፣ ጀልባው ላይ እንዳለችው አሮጊት ሣቀች። በሃምሳ አራት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ስትሥቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሥዕላችሁን መጠራጠሬን ትቻለሁ።

ሰኞ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሂሳቡን ከባንክዎ ለማውጣት ወሰነ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ያ አንዱ ሃርላን ነው። እሱ ከእናንተ መውጣት አይችልም፤ ዕዳ አለበት።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ወገብዎ እንዲሻልዎ፣ ወንበርዎም ከተቀመጡበት የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ የለሰለሰ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በባንክዎ መዝገብ ዜሮ ሆኜ የኖርሁ፣ በራሴ ቤት ግን ጌታ የሆንሁ፣

ኤምሪ ሳንድቮልድ

ግልባጭ፦
ለሳምንታዊው ጋዜጣችን
ለምሥራቅ ሸለቆ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለማርሊ፣ መልካም ጠባይ ስላሳየችኝ

ማሳሰቢያ፦ ካርዴን ለሁለት ቆርጬ በፖስታው ውስጥ ልኬልዎታለሁ። የቆረጥሁት በዓሣ ቢላዋ ነው። ሽታው ከሰባት እስከ አሥር የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ አይደውሉልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ወዲያ ከእርስዎ ጋር፣ ከፓስተሩ ጋር፣ ከአርዲስም ጋር ቢሆን አንዲት ቃል አልናገርም። ከሃርላን ጋር ደግሞ ዝምታውን ካቆምሁበት ቀጥያለሁ።