ልጆቹን ዞር አድርጊልን

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ፣ ሞጣ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም። ቤት የነበርነው፦ እናቴ፣ ወንድሜ አያ ይግዛው፣ ሚስቱ ባንቺ፣ እኔ፣ ሁለቱ ልጆች።

ልብስ አጥቤ ምድጃው ዙሪያ ዘረጋሁ። አይደርቅም። ትናንት ከቢቸና ስንመጣ ጉንደ ወይን አጠገብ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወርደን ገፋን። የዮናስ ሱሪ ሁለቴ ታጥቦም ጭቃው አልለቀቀም። እሱ አምስት ዓመቱ፣ እህቱ ማህደር ዘጠኝ። የታናሽ እህቴ የትርንጎ ልጆች ናቸው። እሷ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ቢቸና እኔ ጋ ናቸው። ት/ቤት ተዘግቷል፣ ክረምቱን አያታችሁን ጠይቁ፣ ተዝናኑ። የተነገራቸው ይኸው ነው።

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ትርንጎ ሞታለች። ሐምሌ ውስጥ። ታማ ነው አሉ። እዚያው ተቀበረች አሉ። ስልኩ የተደወለው ለአያ ይግዛው ነው። ልጆቹ አያውቁም። እናታችንም አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው፤ ጾሟን በሰላም ትጨርስ፣ ትቁረብ፣ ከዚያ በፍልሰታ ማግስት ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ይንገሯት ተባለ። እሱ ወሰነ፣ ሌሎቹ ዘመዶች ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እስከዚያ የኔ ሥራ ልጆቹን ከቤት ማራቅ ነው፤ የሰው ሹክሹክታ እንዳይሰሙ። ዞር ዞር አድርጊልን አለኝ ወንድሜ። ጥቁር አልለብስም። አላለቅስም። ሽንኩርት ስከትፍ ብቻ።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። ልጆቹ ተራራ ይሉታል። ዮናስ መንገዱን እኩሌታ በእግሩ፣ እኩሌታ በጀርባዬ። አንዱ ቦቲ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረና በካልሲው ቆሞ መሬት እየበላችኝ ነው እያለ ጮኸ። ማህደር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የምሬን ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ጫፉ ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ማህደር ጾመኛ ናት፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም ብላ ተቀምጣ ጠበቀች። ዮናስ ግን የጎረቤታችን የሐዋ ልጆች እንቁላል ሲበሉ አይቷል፤ ሙስሊም ናቸው፣ ይህ ጾም አይመለከታቸውም። እስከ ፍልሰታ እነሱ ቤት ልኑር ይላል። እህቱ፣ ሆዳም፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልስሃል አለችው።

ማህደር ስልኬን ወስዳ ለእናቷ ድምፅ ቀዳች። እማ ተራራ ላይ ነን፣ ሞጣ ከላይ ስትታይ ቆርቆሮዋ ብቻ ነው፣ ዮናስ ጫማውን ሊጥል ነበር። መልእክቱ አልሄደም። እንደገና ሞከረች። ኔትወርክ ነው አልኋት።

ኔትወርክ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ደግነቱ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ፣ ቡሄ። ካፊያ።

የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ መጡ፤ ሆያ ሆዬ በራችን ላይ ደመቀ። ዮናስ ከእሱ የሚረዝም ዱላ ይዞ አብሯቸው ዞረ። ሙልሙል ታቅፎ ተመለሰ፣ ማንንም አላስነካም።

እናቴ ዛሬ ተጫወተች። ያቺ ትርንጎ ለቡሄ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም አለች። “ዐረቦቹ አወፍረዋት ይሆናላ! አሁን እኛ ምን እናደርግላታለን? ስትደውል ስልኩን ቀድማችሁ ለኔ ስጡኝ፤ የምሰድባትን አዘጋጅቻለሁ።” ራሷ ሳቀች። ባንቺ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ እንስራው ግን ሙሉ ነበር። እኔ አጎንብሼ እሳቱን እፍ አልሁ። እየነደደ ያለውን እሳት።

ማህደር ታየኛለች።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ። ጠዋት ጉም፣ ስንመለስ ዝናብ።

አክስታችንን ለመጠየቅ ወደ ገጠር ሄድን። በእግር ነው፣ መኪና አይገባም። መንገዱ የሚያዳልጥ፣ ግራና ቀኙ ቡቃያ። ልጆቹ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። የትኛው ጤፍ ነው የትኛው ሣር እያሉ ይወራረዳሉ።

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ሳንደርስ አንዲት ሴት ሸክሟን ይዛ ከፊት ለፊት መጣች። ከትርንጎ ጋር ያደገች ናት። ሞቷን ሰምታለች። እኔን ሰላም ሳትል ማህደርን አየች። ሸክሙን ጣለችው። “የናቷ ፊት! ቁርጥ የናቷ ፊት!” ብላ ደረቷን መታች። ሮጬ እጇን ያዝሁ፣ በዓይኔ ለመንኋት። ልጆቹ እንደማያውቁ ያኔ ገባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ መንገድ ዳር ቁጭ አለች።

ትንሽ እንደሄድን ማህደር ሴትዮዋ ምን ሆና ነው አለች። ልጇ ሞቶባት ነው አልሁ። ውሸቱ ሳላስበው ወጣ።

“ታዲያ ለምን እኔን እያየች ታለቅሳለች?”

ዮናስን አንሥቼ አዘልሁት።

አክስታችን ቤት ያቀረቡላትን አልነካችም። ጾም ነው አለች፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን፣ እስከ ጉልበት። ዮናስን አዝያለሁ። እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። ድንጋይ በድንጋይ ብቻዋን ተሻገረች፤ አንድ ቦታ ሸርተት አለች። ማዶ ቆማ ጠበቀችን፣ ፊቷን ግን ወደኛ አላዞረችም።

አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ እሷን አክል ነበር። ጎረቤት ቤት ወስደው ቆሎ ሰጡኝ። ጉንጬን ሞልቼ ሳለሁ ጩኸቱን ሰማሁ። በአጥር ሾልኬ ስገባ ግቢያችን በሰው ሞልቷል፣ እናቴን አራት ሰዎች ይዘዋታል። ማንም ዞር ብሎ አባትሽ ሞቷል አላለኝም። እስከ ዛሬም ያለኝ የለም።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ። ደመና። ዛሬ የትም አልወጣንም።

አያ ይግዛውን ከጓሮ አገኘሁትና ለማህደር ቀድመን እንንገራት አልሁት። ልጅ ምን ታውቃለች፣ ሮጣ ለእናታችን ትናገራለች፣ እናታችን ድንገት ሰምታ ልቧ ቀጥ ቢል ማን ሊጠየቅ ነው አለኝ። በመንገድ ከሴትየዋ ጋር የሆነውን ነገርሁት። አንገቱን ደፋ፤ ከሐሳቡ ግን አልተመለሰም። ልጆቹን ነገ ማታ አስተኚ፣ በማግስቱ ማለዳ ባንቺ ሐዋ ቤት ታደርሳቸዋለች፣ ለቅሶው በረድ ሲል ይመጣሉ አለ።

ማህደር ራሷ ጠርጥራለች አልሁት።

“አንቺ ደግሞ! የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበብሽ ነው ይህን ሁሉ የተማርሽው? በሀገሩ ልማድ ነው የሚኖረው።”

በመጠቅለያ ወረቀት ነው ፊደል የለየሁት፤ እውነቱን ነው። መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። እሱም አልቅሶ ያደረ ሰው ዓይን ነው ያለው። የሞተችው እህቱ ናት። ክፉ ሰው አይደለም።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ፣ ፍልሰታ። ፀሐይ፣ ከብዙ ቀን በኋላ።

እናቴ ቆርባ ተመለሰች። ነጭ ለብሳለች፣ ፊቷ ያበራል። ጾም ተፈታ፤ ዶሮ ተሠራ። በእጇ እያጎረሰችን ዞረች፣ ማህደርን ሁለቴ። ለመንገደኛዬም ጸለይሁላት አለች። ትርንጎን ማለቷ ነው። ጉርሻውን በውኃ አወረድሁት።

ሐዋ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ስትወጣ በር ላይ እጄን ጨመቀችኝ። ልጆቹ እኔ ጋ እንደ ልጆቼ ናቸው አይዞሽ አለች። ደግ ናት። ግን ማህደር እዚያ ቤት ተቀምጣ ጩኸቱ በግድግዳ ሲገባ ይታየኛል። ማንም ሳይነግራት። ወንዙን እንደዚያ የተሻገረች ልጅ።

ደብተሬ፣ ቆርጫለሁ። ነገ ሰው ሳይመጣ እኔ እነግራታለሁ። ወንድሜ ቢቆጣ ይቆጣ። ለእናቴ ሮጣ ብትናገርስ፣ የእናቴ ልብ ቢ…

ነሐሴ 17፣ ዓርብ። ጉም፣ ብርድ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ እህል ቤት ገብቼ ነው የምጽፍ። ጠዋት ያደረግሁትን ብቻ።

ወፍ ሲንጫጫ ተነሣሁ። ባንቺ ዮናስን በእንቅልፉ አዝላ ወደ ሐዋ ቤት ይዛው ሄደች። ማህደርን እኔ አመጣታለሁ አልኋት። አየችኝና ወጣች።

ማህደርን ቀሰቀስሁ። ፊቷን አጠብሁላት። ሹራቧን አለበስኋት፣ ከጓሮ ይዣት ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ፣ እሷ ፊቴ ቆመች። እናትሽ ሞታለች አልኋት። ሌላ ቃል አልጨመርሁበትም።

አልጮኸችም። መቼ አለች። በሐምሌ አልሁ። አንቺ ታውቂ ነበር? አዎ። እዚህ ስንመጣም? አዎ። በጡጫዋ ትከሻዬን መታችኝ፣ ደጋግማ። እጇን አልያዝኋትም። ከዚያ ደረቴ ላይ ወደቀች፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች።

አያትሽም አታውቅም፣ አሁን ሊነግሯት ነው አልኋት። ከፊት በር የሽማግሌዎቹ ድምፅ ተሰማ። ሐዋ ቤት ትሄጃለሽ ወይስ ከኔ ጋር ትሆኛለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

“አያቴ ብቻዋን ትስማ?”

ይዣት ገባሁ። ሰዎቹ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ነው። አያ ይግዛው ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ። እናቴ መደቡ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በጠዋቱ ምን እግር ጣላችሁ፣ ግቡ እንጂ ትላለች። ማህደር ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። የአያቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

እኔ በሌላው ጎኗ ተቀመጥሁ።