እቃ አጣቢዋና የእማዬ አምባር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ሙሽሪት ልጅሽ፣ ያ ቁጡ ድመትሽም ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ካንቺ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እውነትም ደህና ነኝ። ጤናሽን የጠየቅሁትም ከልቤ ነው፤ የምነግርሽን ለመስማት ጤና ያስፈልግሻል።

አክስታችን ትናንት መጥታ መልእክትሽን አደረሰችልኝ። ጄድ ከሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ በተሠራው በእማዬ አምባር ስባሪ ለልጅሽ ሠርግ የአንገት ጌጥ መሥራት ጀምረሽ፣ ከሦስቱ ስባሪዎች አንዱ ከማለስለሻ በርሜሏ ሁለት ጊዜ ደብዝዞና ተጫጭሮ እንደወጣብሽ ሰማሁ። እንደገና ከሻካራው የድንጋይ መፋቂያ ዱቄት እየጀመርሽ ስታሾሪው ተበልቶ ተበልቶ ባቄላ አክሏል አሉ። እባክሽ ሂጂላት፣ ስታለቅስ ነው የተውኳት አለችኝ። አልዋሽሽም፣ ማልቀስሽን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስለዚህ ላስታውስሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጓዳሽ አብረን ድንጋይ ስናሾር፣ መምረጡ፣ መብሳቱና በክር መደርደሩ ያንቺ ነበር፤ ድንጋዩን እያሾረች የምታለሰልሰው ትንሿ የኤሌክትሪክ በርሜል ደግሞ የኔ። አንድ ሳምንት ከሻካራው ዱቄት ጋር፣ አንድ ሳምንት ከመካከለኛው፣ አንድ ሳምንት ከደቃቁ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከማንጸባረቂያው ጋር ሌት ተቀን ትዞራለች። ዱቄት በተቀየረ ቁጥር ድንጋዩን አንድ በአንድ፣ በርሜሏንም ከነክዳኗ አጥባለሁ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ፣ ድንጋይ እኮ ነው፣ አራስ ልጅ አስመሰልሽው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ታምሜ በተኛሁበት ከበርሜሏ የወጣውን የዱቄት ጭቃ ወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ ደፍተሽው ቱቦው ተዘግቶ፣ የቧንቧ ሠራተኛው እዚህ ቤት ሲሚንቶ ነው እንዴ የሚበላው ብሎ ሲጠይቅ ሳምንት ሙሉ ሳቅን። ያን ጊዜ በጣም እወድሽ ነበር።

ከዚያ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ባለቤት ሥራችንን ሊያይ መጣ። ጠብታ የምትመስል አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ ውስጧ ውሃ ያለ ነው የምትመስለው፣ ማነው እንዲህ ያሳመራት አለ። እኔ እጄ እንደረጠበ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። አንቺ ምን አልሽ? ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ፣ እሷ እቃ ታጥብልኛለች። ሰውዬው ዳግመኛ ዞሮም አላየኝ። ያን ቀን አንዲት ቃል ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ፤ በማግስቱም ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ሽርጤን ይዤ ወጣሁ። አንቺ ግን ለአክስታችን፣ አኩርፋ ነው፣ ሲበርድላት ትመጣለች ብለሻታል። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልበረደልኝም።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። አምና ወገብሽን ታመሽ ልጠይቅሽ መጥቼ የለም? እንቅልፍ ሲወስድሽ ወደ ጓዳ ገባሁ። ትሪው ላይ ድንጋዮችሽ ዓይናቸው ጠፍቶ ተደርድረዋል። የበርሜሏን ክዳን ከፍቼ አውራ ጣቴን በውስጥ ጠርዙ ዙሪያ አስኬድሁ። ክዳኑ በርሜሏን በሚነክስበት ቦታ ቀጭን ስርጉድ አለች፤ ውሃ ቢያፈሱባት አይገባትም። ሻካራው ዱቄት እዚያ ይደበቅና በመጨረሻው ሳምንት፣ ማንጸባረቂያው ሲገባ፣ ይወርዳል። አንዲት ቅንጣት በርሜል ሙሉ ድንጋይ ትጭራለች። ጣቴ ላይ ሻካራው ተሰማኝ። ጣቴን ብቻ በመሐረቤ ጠረግሁ፣ ክዳኑን መለስሁ፣ ስትነቂ አልጋሽ ጫፍ ተቀምጬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ምን ነክቶት ነው ድንጋዩ፣ አይዞሽ ይስተካከላል አልሁሽ። እጄን ይዘሽ አመሰገንሽኝ። በአውቶቡስ ስመለስ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ፈርታ ወንበር ቀየረች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ለአንቺ መጸለዩን ተውሁት።

ነይ ብትሉኝም ወደ ጓዳሽ አልመጣም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት፣ ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ ብለሻልና ለልጅሽም አንቺው መልሺላት ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ሁለት ስባሪ ቀርቷል። እማዬ ያን አምባር አውልቃው አታውቅም፤ ደረጃው ላይ ወድቃ እስኪሰበር ድረስ በእጇ ነበር። ሆቴል ቤት ስትሠራ ልንጠይቃት የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? ከወጥ ቤቱ በር ሆነን አምባሩ ገንዳው ላይ ቃ ቃ ሲል ሰምተን ነው ያለችበትን ያወቅነው። እኛን ያሳደገችን እቃ አጥባ ነው፣ እታለም።

በአክስታችን እጅ አንድ ጥቅል ልኬያለሁ። ለአንቺ አይደለም፣ ለልጅሽ ነው። ያቺ አሮጌ ቆሻሻ ጣይልኝ ትይኝ የነበረችው፣ የክዳኑ ስርጉድ ውስጥ እንድትገባ ጭንቅላቷን በቢላ አግድም የቆረጥኋት የጥርስ ብሩሽ ናት። ዱቄት በተቀየረ ቁጥር ልጅሽ ክዳኑን በዚያች ትጠብ፤ አንቺ እንዳትነኪው። ሠርጉ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል፣ ለበርሜሏ ግን አራቱ ይበቋታል።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። በሠርጉ ቀን እንግዶች የሙሽራዋን አንገት አይተው ማነው እንዲህ ያሳመረው ማለታቸው አይቀርም። በሩ አጠገብ ቆሜ የምትመልሺውን እሰማለሁ።

እቃ አጣቢዋ እህትሽ