እሜቴን ስኳር ያዛት

ለምወድሽ ልጄ፤

ርቀት የማይጋርደው አምላክ ያለሽበትን ቤት ከነበራፉ፣ ከነጓዳውና ከነጣሪያው ይጠብቅልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ ያ ትከሻሽ ተሻለሽን? አማቻችንስ ከሥራው ጋር እንዴት ሆነ? የትንሿ ልጅሽ የወለቀው ጥርሷ በቀለላትን ወይስ አሁንም በክፍተቱ ታፏጫለች? እኛ በቸርነቱ አለን። እናትሽ እንደምታውቂያት ናት፤ እግሮቿ ቢከዷትም ምላሷ አልከዳትም፤ ከአልጋዋ ሆና ቤቱን ሁሉ ታዝዛለች፤ የሚታዘዘውም ያው እኔው ነኝ።

የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ከአንድም ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። እናትሽ ግን ከጎኔ ሆና በዐይኗ ትከለክለኛለች። ስልኩ ሲዘጋም «በሰው አገር እንጀራዋን ለምትፈልግ ልጅ ይህ ይነገራታል? ተዋት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ አንቺም «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ማለትሽ አልቀረም። ስለዚህ በወረቀት እነግርሻለሁ። እሜቴን ስኳር ያዛት።

አዎን፣ ድመትሽን ነው የምልሽ። ወረቀት ከምገዛበት ማተሚያ ቤት፣ ከክምሩ ሥር አንሥተሽ በሹራብሽ ጠቅልለሽ ያመጣሻትን፣ አረማመዷን አይተሽ እሜቴ ብለሽ የሰየምሻትን። ይህ በሽታ ሰውን ብቻ፣ ያውም የደላውን ሰው የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። ሳሕኗን ጨርሳ ከአበባው ማሰሮ ሥር የሚጠራቀመውን መላስ ጀመረች፤ የአሸዋ ሣጥኗም ገና ከመለወጡ ይረጥባል። ትበላለች፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ትበላለች፤ ጀርባዋን ስዳስሰው ግን እጄ የሚያገኘው አጥንት ብቻ ሆነ። እኔ እርጅና ነው አልኩ። እናትሽ «እኔም አርጅቻለሁ፤ ባሕር ግን አልጠጣሁም» አለችኝ። አንድ ቀን መጽሐፍ ወደምጠርዝበት ገበታ ልትዘል ተነሥታ ሳትደርስ ቀረች። ከወደቀችበት ስትነሣም የኋላ እግሮቿን በተረከዛቸው እየረገጠች፣ መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ስትሄድ አየሁ። ሙጫውንም ክሩንም ጥዬ በቅርጫት አድርጌ ይዣት ወጣሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ በዕድሜ ከአንቺ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። በወረፋው ከጎኔ የተቀመጠ ሹፌር ትልቅ ውሻውን በእግሮቹ መካከል ይዞ «አባባ፣ የርስዎ ደግሞ ምኗን ነው?» ቢለኝ ቅርጫቱን ገልጬ አሳየሁት። ሐኪሟ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወሰደች፤ ሽንቷንም መረመረች፤ ከዚያም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ሲስብ ደስ አይለኝም። «አባባ፣ ስኳር ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች» አለችኝ። ማን ይወጋታል ብላት «እርስዎ ነዎታ» አለችኝ፤ በር ዝጉ እንደማለት አቅልላ።

ልጄ፣ መርፌ ከእጄ ተለይቶ እንደማያውቅ አንቺ ምስክር ነሽ። ማስተማሩን ትቼ ጥረዛ ከያዝኩ ወዲህ ስንት የተበታተነ መጽሐፍ ሰፍቻለሁ፤ ስንት ድርብ ቆዳ በወስፌ በስቻለሁ። ያ ቆዳ ግን አይሞቅም፤ ቀና ብሎም አያየኝም። የእሜቴን የጫንቃ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጬ እንደ ድንኳን ባነሣሁት ጊዜ ከሥሩ ትርታዋ ተሰማኝ፤ ያን ጊዜ መርፌውን ሳላጠልቅ ገፋሁት። መድኃኒቱ በጠጉሯ ላይ ፈሰሰ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና «ለጸሎት ቆመህ የምታድርበት እግር ሰጥቶህ፣ ይህችን ለምታህል መርፌ የሚሆን ጣት ነሣህ» አለችኝ።

ደግነቱ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ ሰምታ መጣች። «የኔታ፣ ዞር ይበሉልኝ፤ እርስዎ ሲያዩኝ ፈተና ላይ ያለሁ ይመስለኛል» ብላ በአንድ ትንፋሽ ወጋቻት። ስንቱን ጎረምሳ እንደ ወጋች፣ እሜቴ ግን ከሁሉም እንደምትሻልና ቢያንስ እንደማትሳደብ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ ትመጣ ጀመር። እናትሽ ሳሕኗን ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ታበላታለች፤ እሜቴ ከበላች በኋላ ሲስተር ትደርሳለች፤ እኔ ዞር እላለሁ። እንዲህ ሆነን ጥቂት አረፍን።

ኋላ የሲስተር ወንድም ታመመና ወደርሱ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ሌሊቱን እግሯን ሲያማት አድሮ ገና ሸለብ አድርጓት ነበር። እሜቴ ወደ ባዶ ሳሕኗ ሄዳ ጮኸች። «ታገሺ፣ መድኃኒት ይቀድማል» አልኳት። ሐኪሟ ቅደም ተከተሉን ነግራኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልቤ መርፌው ላይ ነበርና የተናገረችው ሁሉ በላዬ አለፈ። የጎደለውን ከራሴ ሞላሁት። እኔ ጸበሉንም ቅዱስ ቁርባኑንም እህል ሳይቀምሱ ሲቀበሉ እያየሁ፣ ራሴም እንዲሁ እየተቀበልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሚያድን ነገር ሁሉ በባዶ ሆድ የሚወሰድ እንጂ ሌላ ሥርዐት ያለው አልመሰለኝም። በዚያ ጠዋት እጄ አልሳተም። መርፌው እንደሚገባው ገባ፤ ጠጉሯም አልረጠበም። ደስ አለኝ። ምስጋና ላደርስ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ።

ከጸሎቴ የመለሰኝ በተከፈተው በራፍ ያየችው የእናትሽ ጩኸት ነው። እሜቴ ከገበታው ሥር በጎኗ ተኝታ እግሮቿ ይርገፈገፋሉ፤ ዐይኖቿ ተከፍተው አያዩም። እናትሽ ሲስተር የነገረቻትን አስታውሳ «ማር! ድዷን ማር ቀባት!» አለችኝ። በጣቴ ቀባኋት፤ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጫማዬንም በቅጡ ሳላስር፣ ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድኩት አላውቅም። ሐኪሟ በደም ሥሯ መድኃኒት እየሰጠቻት «በልታ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አልበላችም፣ በጾም ነው የወጋኋት አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። በለሰለሰ ድምፅም «አባባ፣ ድመት አትጾምም። መጀመሪያ ትበላለች፤ መብላቷን ሲያዩ ይወጓታል። ካልበላች ከመውጋትዎ በፊት ይደውሉልኝ» አለችኝ። ባለመቆጣቷ ደስ አለኝ ብዬ እንዳልዋሽሽ፣ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

እሜቴ ተመለሰችልን። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ ግን በራሴ ላይ እንዳልፈርድ፣ ይህ ሥራ ለብዙ ሰው እንደሚከብድ፣ ካልቻልኩም ሳትሠቃይ ማሳረፍ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ። እቤት ገብቼ ለእናትሽ ይህንኑ አልኳት። እርሷም «ነገ እኔንም ማገላበጥ ሲያቅትህ ልታሳርፈኝ ነው?» አለችኝ። ቀልዷ መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አልሣቀችም። ስንት ኀዘንተኛ ያጽናናሁ፣ ስንት ተማሪ ጠይቆኝ መልስ ያላጣሁ ሰው፣ ትራሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

ሲስተር ተመልሳ ነበር፤ ዕቃዋን ልትወስድ። ወንድሟ ብቻውን መሆን ስለማይችል ከእርሱ ጋር ልትኖር ነው። ከመሄዷ በፊት በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ደጋግማ አስተማረችኝ። አሁን ጠዋቱም ማታውም የእኔ ነው። አንዳንድ ቀን ይገባል፤ አንዳንድ ቀን ጠጉሯ ይረጥባል። ሲረጥብ ምን ያህሉ እንደ ገባ አላውቅም፤ እንዳልደግመው ሐኪሟ ከልክላኛለች፤ ስለዚህ እስከሚቀጥለው ድረስ ዝም ብዬ አያታለሁ። ሲገባም ደግሞ ያ የጠዋቱ ነገር እንዳይመለስ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን እጠብቃለሁ። ሰዎች አደራ ብለው የሰጡኝ መጻሕፍት ገበታው ላይ እንደ ተበተኑ ናቸው። ስኳሯ ገና አልወረደም። ጊዜ ይወስዳል አሉ።

ከሁሉ የሚከፋኝ አለመሸሿ ነው። መድኃኒቱን ከማቀዝቀዣው ሳወጣ ብትቧጭረኝ፣ አልጋ ሥር ብትገባ፣ አልፈለገችም ብዬ በተጽናናሁ ነበር። እርሷ ግን መጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። የምሠራውን የማውቅ ይመስላታል።

ጸሎቱም ቸገረኝ። ለመንገደኛ፣ ለበሽተኛ፣ ለዝናብና ለቡቃያ የሚባለውን መምህሮቼ አስተምረውኛል፤ ለድመት የሚባለውን አላስተማሩኝም። ስሟን ከሰዎች ስም ጋር ለመጥራት አፈርኩ፤ ሳልጠራት ለማለፍም አልሆነልኝም፤ «በዚህ ቤት ያለውን ነፍስ ሁሉ» ብዬ በመካከል ሸሸግኋት።

ነይ አልልሽም፤ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ምክር ስጪኝም ብልሽ ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ፣ መልስሽም እስኪመለስ የሚሆነው ሆኖ ይቆያል። የጻፍኩልሽ የአንቺ ስለሆነች ነው። ክፉ ነገር ቢገጥማት በማን እጅ እንደ ሆነ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ፤ በእኔ እጅ ነው የሚሆነው። እጄን ደግሞ አላምነውም።

እናትሽ መጻፌን ብታውቅ ትቆጣኛለች፤ ቢሆንም ሰላምታዋን ከእኔ ጋር ቁጠሪው። አማቻችንን በጤና ያኑርልሽ፤ የአባቱን ጉልበት መጠየቄን ንገሪልኝ። ለአማትሽ እጅ እነሣለሁ፤ ለአንቺ እናት ስለሆነችልኝ ውለታዋን አልረሳም። ያቺ ከአንቺ ጋር የምትሠራው ወዳጅሽም ሰላም ትሁን። ትንሿ ልጅሽን ዐይኗን ሳሚልኝ። በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ እሜቴን ነው፤ ከእንግዲህም መጠየቋ አይቀርም። ደኅና ናት በያት አልልሽም፤ በአፍሽ ውሸት አላኖርም። ዛሬ በልታለች በያት። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

አባትሽ

ከቤታችን፣ ከእናትሽ መኝታ ክፍል በራፍ
ጥቅምት ፳፩ ቀን