ስላልመጣው አልቅት

ለክቡር የመድኃኒት ማስገቢያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣
አስመራ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከነልብዎና ከነደም ሥርዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በገዛ ባንዳ ሰፈር ጨርቅ የምሸጠው የወሎ ሰው አብዱልሃሚድ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ባለቤቴ ሀኒያ ናት፤ የልቧ ደም ሥር ጠብቦ ከሱቃችን እስከ ፌርማታው መራመድ ካቃታት ሰነበተች።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላም ሰው ነገሩ እንዲገባው ላስረዳ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ የጠበበውን ሥር ሊያሰፉላት ቀጠሮ ሰጥተዋታል። ቱቦው ውስጥ ሳለ ደም እንዳይረጋ ማቅጠኛ መድኃኒት ግድ ነው፤ የተለመደውም ሄፓሪን ነው። ሆኖም ባለፈው ሆስፒታል ተኝታ ሄፓሪን ሲሰጣት ሰውነቷ አልቀበል ብሎ፣ ደሟ በመቅጠን ፈንታ እግሯ ውስጥ ረጋ። ስለዚህ ሐኪሟ ዶክተር ክብረት፣ ሂሩዲን የሚባለውን አዲስ መድኃኒት አስመጡላት፤ እሱም በአውሮፕላን ማረፊያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ የክቡርነትዎን ፊርማ ይጠብቃል። ሐኪሞቹ የፊታችን ዓርብ ይሄዳሉ።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

፩. ሂሩዲን መጀመሪያ የተገኘው ከአልቅት ምራቅ መሆኑን አንብበው፣ የአገሪቱን ከብቶች ከባዕድ አልቅት ለመጠበቅ ሲሉ ጉዳዩን ወደ እንስሳት ጤና ክፍል ስለመሩት አመሰግናለሁ። ዶክተር ክብረት መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ የተሠራ እንደሆነና ጠርሙሱ ውስጥ አልቅት እንደሌለ ደጋግመው ቢያስረዱም፣ የሌለ አልቅት አለመኖሩን ማረጋገጥ ጊዜ እንደሚፈጅ አላጣሁትም።

፪. ሁለቱም ደም ያቀጥናሉና በመጋዘን ያለውን ሄፓሪን ውሰድ ብለው ስለመከሩኝ አላህ ይስጥልኝ። ውሃና ነጭ ጋዝም ሁለቱም ይፈስሳሉ፤ ሻሂ የሚፈላው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ያ ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚወጣ ነው አሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነፍስ ለማዳን የተፈቀደ ነውና ቢያድናት ኖሮ በደስታ ተሸክሜው እሄድ ነበር። አሳማው በየትኛው የእንስሳት ፈቃድ እንደገባ ብጠይቅ ግን ድፍረት አይሁንብኝ።

፫. በመጣሁ ቁጥር «ጽባሕ ተመለስ» በማለት ነገ የሚባል ቀን መኖሩን ስላስታወሱኝ የቐንየለይ። ባለቤቴ ግን እንደ ክቡርነትዎ የነገ ሀብታም አይደለችም። ከዓርብ በኋላ የሚመጣ ፊርማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አሁን ፌዙን ትቼ ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁ። ትንፋሽ ሲያጥራት እንዳላይባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እኔም ያላየሁ መስዬ ጨርቅ አጥፋለሁ። የምለምንዎ አንድ ፊርማ ነው።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ እጅዎ ግን ከዓርብ በፊት እንዲፍታታ ጧት ማታ የሚለምን፣
በደጅዎ የከረመው አክባሪዎ
አብዱልሃሚድ

ማስታወሻ፦ እንዳዘዙኝ እንስሳት ጤና ክፍል ሄጄ ነበር። ባለሙያው አቶ አስገዶም ገና ስሜን እንደነገርኳቸው፣ «እስካሁን በሕይወት አለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከደጅ ደጅ ስንከራተት ስለ ሀኒያ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሹም እርሳቸው መስለውኝ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አለች ብዬ መለስኩላቸው። ለካስ የጠየቁኝ ስለ አልቅቷ ኖሯል።