ስድሳ አራት ግራም

ጥር 7፣ ረቡዕ

ሥራ ደህና ነበር። ሁለት የላይኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ። የታችኛው ግን አስቸገረኝ... ድዱ ላይ አልቀመጥ አለ። ሰሙን ሦስት ጊዜ አቅልጬ እንደገና። ሐኪሟ ደውላ «ሰውዬው ሥጋ አማረኝ እያለ ነው፣ ቶሎ በልልኝ» ትለኛለች። ታዲያ ጀሶ አማረው ተብሎ ይደርቃል?

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። የፊዚዮቴራፒ ሥራ እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበትና ትከሻ ስታጥፍ ስትዘረጋ ትውላለች። «እንዴት ዋልሽ ወጌሻዬ?» ስላት ትራሱን ወረወረችብኝ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ወጌሻ ትለኛለህ ነው ነገሩ። እየሳቀች ነው የምትቆጣው።

ስልኬ ሲንጫጫ ውሏል። ክሬኑ ወጣ! ሁለት ዓመት የጠበቅነው የአሻንጉሊት ሮቦት። ሲታጠፍ የጭነት ክሬን፣ ሲዘረጋ ከጉልበቴ በላይ የሚቆም። ሱቁ የደረሰው ሦስት ብቻ ነው፣ እኛ ሰብሳቢዎቹም ሦስት ነን። ማክሰኞ ይመጣል።

ባለቤቴ ዜናውን ስነግራት «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

እንደ ሁልጊዜው እትዬ ፋርማሲ ቤት ተገናኘን። አርባ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ሠርተው አምና ጡረታ ወጡ። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ አሁን የሚበላበት ቦታ የለም፣ ሮቦት ብቻ። ሦስተኛው ሹፌሩ ነው። አውቶቡስ ይነዳል፤ ቀልድ ሲያወራ ግን ፍሬን የለውም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በፎቶ ብቻ ተከራከርን። ክሬኑ ወደ ሮቦት ሲቀየር ረጅሙ ክንዱ የት ይገባል? እትዬ ጀርባው ውስጥ ታጥፎ አከርካሪ ይሆናል ይላሉ። ሹፌሩ ደግሞ «አይ እትዬ፣ ይሄማ ተነቅሎ በእጁ የሚይዘው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ጉልበቱ ብረት ነው ወይስ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ? መንጠቆው ይሽከረከራል? እንዲህ ያለ ክርክር ሆዴን ደስ ይለዋል።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አቶ እሽግ፣ ይሄንንም አትከፍተው ይሆን?»

አልከፍተውም። አሥራ አንድ ሣጥን አለኝ፣ አንዱም አልተከፈተም፣ የፋብሪካው ቴፕ እንዳለ ነው። የተከፈተ ነገር ያረጃል። ያልተከፈተ ሁልጊዜ የዛሬ ነው። ይሄን ስላቸው እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እኔ እኮ ልጄ፣ አርባ ዓመት መድኃኒት ሸጬ፣ እንደታሸገ ሰው ያዳነ አላየሁም።»

ሹፌሩ ሻዩ ትን አለው።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

መጣ። ግን...

በሥርዓቱ ልጻፈው። አዲስ ነገር ሲመጣ ሣጥኑን እንመዝናለን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሹፌሩ አንድ ቡጢ የጎደለው ሮቦት መጥቶለት ነበር። እነሱስ ከፍተው ያዩታል፣ እኔ የማልከፍተው ሰውዬ በምን ልወቅ? ስለዚህ ዛሬም የጀሶ ሚዛኔን ከላቦራቶሪ ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩ፤ እትዬና ሹፌሩ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ባለሱቁ «ደግሞ መጣህ?» አለኝ።

የእትዬ፦ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ሰማንያ ሁለት። የሹፌሩ፦ ልክ እንደሳቸው፣ አንድ ግራም አልዛነፈም። የኔ... አራት ኪሎ ከሁለት መቶ አሥራ ስምንት።

ስድሳ አራት ግራም ጎደለ።

 «ሚዛኑ ነው» አለ ሹፌሩ። አራቴ መዘንን። ሚዛኑ አይደለም። ቴፑን አየሁት፣ ሰው የነካው አይደለም። ከፋብሪካው ጎድሎ ነው የታሸገው።

ባለሱቁ አዘነልኝ፣ ግን ምን ያድርግ? «ምን እንደጎደለ ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ክፈትና የጎደለውን ንገረኝ። አሥራ አምስት ቀን አለህ፣ እስከ ጥር 28። ከዚያ ወዲያ አይሰሙንም።»

ብከፍተው እሽግነቱ ቀረ። ባልከፍተው ጎዶሎ ሮቦት ዕድሜ ልኬን ቁም ሣጥን ላይ ላስቀምጥ ነው። ያወጣሁት ደንብ እኔኑ ያዘኝ። ባልመዝነው ኖሮ እኮ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር የማድረው!

ጥር 14፣ ረቡዕ

ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ስመዝን ዋልኩ። ሦስት ሙሉ የላይኛ ጥርስ ስድሳ ሦስት ግራም። ቀላል ነገር አይደለም የጎደለው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

እትዬና ሹፌሩ የየራሳቸውን ከፈቱ። እኔ ሚዛኑን ይዤ ሄድኩ፤ የጎደለኝን ሳልከፍት ላውቀው። ሐሳቡ የሹፌሩ ነው። የሱን ሮቦት ተነቃይ ክፍል ሁሉ አንድ በአንድ መዘንን። ቡጢ ሠላሳ አንድ። መንጠቆ ሃያ ሁለት። የእግር መርገጫ ሃምሳ ስምንት... እያልን እያልን የግራ ጉልበት ሽፋን ላይ ደረስን። ስድሳ አራት! ሹፌሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። እትዬ «በል አገኘነው» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

እንግዲህ የኔው ሮቦት ግራ ጉልበት የለውም።

ከዚያ እነሱ መቀየር ጀመሩ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አያለሁ። የመመሪያው መጽሐፍ ወፍራም ነው፣ እትዬ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ሹፌሩ ያጥፋል። አንዱ መገጣጠሚያ ቦታው ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ያቺ ድምፅ... አሥራ አንድ ዓመት ስሰበስብ ከራሴ ሮቦት ሰምቻት አላውቅም። የእትዬ ሲቆም እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ክንዱም አከርካሪ ሆነ፣ እሳቸው ረቱ። የሹፌሩ ግን የቀኝ ትከሻው አልገባ ብሎ ተንጋደደ።

ቀናሁ። ልጻፈው እንጂ፣ ማን ያነበዋል? በጣም ቀናሁ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ራት ላይ ባለቤቴ «በሽተኛህ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሣጥኑን ነው። እንግዳ ክፍል ውስጥ ካስቀመጥኩት ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራው።

«ደህና ነው።»

«ጉልበት የለውም አላልከኝም? ጉልበት የሌለው ሰው ወደ ሐኪም ይወሰዳል እንጂ ቁም ሣጥን ላይ ይሰቀላል እንዴ?»

«ከተከፈተ በኋላ አይታሸግም።»

«ታዲያ አይታሸጋ! እኔንስ ለምን በሠርጋችን ቀን ሣጥን ውስጥ አልከተትከኝም? አዲስ እንደሆንኩ እኖርልህ ነበር።»

ሳቅን። ከዚያ ሳትስቅ ጠየቀችኝ። «የእውነት ምንድነው የምትፈራው?»

ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ። መልሱ የመጣልኝ እያጠብኩ ነው። ከፍቼው ተራ ነገር ቢሆንስ? አሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ሁሉ የሣጥኑን ሥዕል ነው። ሥዕሉ ያምራል።

ለሷ ግን አልነገርኳትም። ጅል መሰልኩ ለራሴ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

እትዬ ቤት አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ። ውሸት። ሦስት ጊዜ እንግዳ ክፍል ገብቼ ወጣሁ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ከፈትኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ መጣሁ። የሰም መቁረጫዬን ቢላ ይዤ መጥቻለሁ፣ መጨረሻው ነገ ነው። ባለቤቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቴፑ ላይ ቢላውን አሳርፌ ስንት ደቂቃ ቆየሁ?  «ለሰው አፍ ጥርስ ስትሠራ የማያመነታ እጅ!» አለች። ከዚያ እጇን እጄ ላይ አድርጋ አብረን ቆረጥነው።

ሽታው! አዲስ ፕላስቲክና ቀለም። ባለቤቴ አፍንጫዋን ያዘች፣ እኔ ግን ደጋግሜ ሳብኩት።

በቀጥታ ወደ ግራ ጉልበት ነው የሄድኩት። አለ! ሽፋኑ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ቡጢዎቹ አሉ። መንጠቆው አለ። ሁሉንም አልጋው ላይ ደርድሬ ከሹፌሩ ፎቶ ጋር አስተያየሁ። አንድም አልጎደለም። ታዲያ ምንድነው የጎደለው? ሣጥኑን ገልብጬ አራገፍኩት...

የመመሪያው መጽሐፍ የለም።

እትዬ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ መጽሐፉን ኩሽና ሚዛን ላይ ያስቀምጡልኝ እስቲ።» ሄዱ። ኮቴያቸው ይሰማኛል። ተመለሱ።

«ስድሳ አራት» አሉ ቀስ ብለው።

 ያን ቅዳሜ ጣት የምታክለውን መንጠቆ ሳይቀር ስንመዝን መጽሐፉ እኮ ጭናቸው ላይ ነበር! ሮቦት እንጂ ወረቀት ይጎድላል ብሎ ከሦስታችን ያሰበ የለም። ከዚያ እትዬ መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም፣ ባለቤቴም። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አሥራ አራት ቀን ለወረቀት!

ጥር 28፣ ረቡዕ

ለባለሱቁ ነገርኩት፣ ለፋብሪካው ጻፈልኝ። መጽሐፉ በሦስት ወር ይደርሳል አለ። እትዬ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ልላክልህ አሉ።

ግን አላስፈለገም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ክሬኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጣቶቿ ብቻ ይሄዳሉ።

«ተይው! ትሰብሪዋለሽ!»

«ዝም በል። እየሰማሁት ነው።» ጉልበቱን ትንሽ አወዛወዘችው። «አየህ፣ ጉልበቱ የተቆለፈው ዳሌው ስላልተፈታ ነው። መገጣጠሚያ እምቢ ሲልህ አታስገድደውም፣ ከላይ ያለውን ትጠይቀዋለህ። ና፣ አንተ ወገቡን ያዝልኝ።»

ያዝኩላት። እሷ ታገኛለች፣ እኔ አጥፋለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ክንዱ ጀርባው ውስጥ «ቀጭ» ብሎ ሲገባ በጣቶቼ አልፎ ክርኔ ድረስ ተሰማኝ። ምንጣፉ ላይ አቆምነው። ቆመ!

ተራ ነገር አይደለም። እንዲያውም ሥዕሉ ጀርባውን አያሳይም ነበር፤ ማማሩ ከጀርባው ነው። የፈራሁትንም ነገርኳት፣ ያን ሳህን ሳጥብ የመጣልኝን። አልሳቀችብኝም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ባለቤቴን እትዬ ቤት ይዣት ሄድኩ። የሹፌሩ ሮቦት ትከሻ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተንጋደደ ነው። አየችው፣ ነካካችው። «አስገድደኸዋል አይደል?» አለችው። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ክርኑን መልሳ፣ ደረቱን ከፍታ፣ ትከሻውን በሁለት ጣት አስገባችው። ሹፌሩ ተነስቶ እጅ ነሳ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ወጌሻ ነው» አላት።

እሷም «እሺ» አለች! እኔ ስላት ትራስ ይወረወራል፣ እሱ ሲላት እሺ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሥራ በዛ። አራት ጥርስ በአንድ ቀን። ማታ እሷ ስትቀይረው ያዝኩላት። ወደ ክሬን ሲመለስ ይከብዳል።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ራት ላይ ባለቤቴ አንድ ነገር ልለምንህ አለች። የምታክማት አንዲት ፀጉር ሠሪ ሴት አለች፣ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ያደረጉላት። አላጥፍም ብላለች፣ ውስጡ የሚሰበር ይመስላታል። ሦስት ሳምንት በክራንች ነች። ሐኪሞቹ ሥዕል አሳዩዋት፣ የአጥንት ሞዴል አሳዩዋት፣ ባሰባት። «ሮቦቱን ልውሰደው?»

ተነስቼ ሄጄ አየሁት።  ከዚያ ዛሬ ጠዋት በመታጠቢያ ፎጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ ታቅፋው ታክሲ ውስጥ ገባች። እኔ! አምና ሣጥን በጓንት ስነካ የነበርኩት ሰውዬ!

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ፊቷን ሳየው አወቅኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ገላመጠችው አለች። «ደግሞ አሻንጉሊት አመጣሽብኝ?» ብላ። ከዚያ ዝም ብላ ጉልበቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። እንደገና። «ቀጭ» ሲል ደንገጥ ትላለች፣ ታየዋለች፣ አልተሰበረም። ሃያ ጊዜ ያህል። ከዚያ ሳይነግሯት የራሷን ጉልበት... ትንሽ፣ ሁለት ጣት ያህል። ከዚያ ትንሽ ጨምራ። አለቀሰች አለችኝ ባለቤቴ። እሷም ስትነግረኝ ዓይኗ ሞላ።

«የማነው አለችኝ። የባለቤቴ ነው አልኳት። ታዲያ አይናደድም አለች።»

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኳት።»

ፎጣውን ፈታሁት። የግራ ጉልበቱ ሽፋን ላይ ረጅም ጭረት አለ፣ ቀለበቷ ይሆናል። ባለቤቴ ታየኛለች። በጣቴ ዳሰስኩት። ጥልቅ ነው፣ አይለቅም። ጠበቅኩ... የሚከፋኝ ነገር መጣ አልመጣ ብዬ። አልመጣም። እውነቴን ነው።

መልሼ በፎጣው ጠቀለልኩት።

«ነገም ውሰጂው» አልኳት። «ሴትየዋ እስክትራመድ እዚያው እሷ ጋ ይቆይ።»